ቆርቆሮ ላይ ያልዋለው ቅጭልጭል

ጡረታ በወጣሁበት ሳምንት የንብረት ክፍሉ ልጅ ክላሰሩን ታቅፎ ወደ ክፍሌ መጣና የማስረክበውን ዕቃ መቁጠር ጀመረ። ወንበሮቹን ቆጠረ፤ ጠረጴዛዎቹን፣ ሰሌዳውን፣ ቁም ሳጥኑን ቆጠረ። ከቁም ሳጥኑ ጎን የነበረውን ማዳበሪያ ሲፈታ ግን እጁ ቆመ። ከሰርዲን ጣሳ የተሠሩ መኪኖች፣ ከአሮጌ ካልሲ የተሰፉ ግመሎች፣ በሲባጎ የተሰካካ የቆርኪ እባብ፣ ከሃይላንድ ጠርሙስ የተቆረጠ ዓሣ፣ የሺቲ ጨርቅ ቅዳጅ የለበሱ አሻንጉሊቶች፤ አንድ በአንድ እያወጣ ወለሉ ላይ ደረደራቸው።

«ቲቸር ጽጌ፣ ይሄን ምን ብዬ ልመዝግበው?» አለኝ።

«መጫወቻ በለው።»

«መጫወቻማ ገቢ የሆነበት ሞዴል ይኖረው ነበር። ይሄ እኮ...» ጨዋ ልጅ ነው፣ የቀረውን ዋጠው።

«ቆሻሻ ነው ልትል ነው? በለው እንጂ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ስሰማው የኖርኩት ስም ነው» ብዬ ሳቅሁበት። ትንሽ አሰበና «ንብረት ያልሆነ» ብሎ ጽፎ አስፈረመኝ። እኔም ንብረት ያልሆነውን ማዳበሪያዬን ጭኔ ላይ አድርጌ በባጃጅ ወደ ቤቴ ገባሁ። ከመንግሥት ሥራ የወጣሁት እንዲህ ነው፤ አልከፋኝም።

በዚያ ማዳበሪያ ውስጥ የሌለ የመጫወቻ ዓይነት የለም። ቅጭልጭል ብቻ የለም። ሕፃን እየነቀነቀ የሚያንኳኳውን፣ ማንም የመዋለ ሕፃናት አስተማሪ መጀመሪያ መሥራት የሚማረውን ነገር እኔ ለሃያ አምስት ዓመት አልሠራሁም። ባልደረቦቼ ሲጠይቁኝ «ድምፁ ራሴን ያመኛል» እያልኩ አልፋቸው ነበር። ውሸቴን ነው። ምክንያቱን ለአንዲት እናትና ለልጇ መናገር ነበረብኝ፤ ሳልነግራቸው ጡረታ ወጣሁ። አሁን ነግሬያቸዋለሁ፤ ስለነገርኳቸው ነው ይህን ለመጻፍ ድፍረት ያገኘሁት።

የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ፤ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ነው ያደግሁት። ወላጆቼ ከደጋ መጥተው ድሬዳዋ የቀሩ ናቸው፤ እኔ ደግሞ ከድሬዳዋ ሌላ አገር የማላውቅ። ሥራ የጀመርኩት ደቻቱ የሚባለው ደረቅ ወንዝ አሸዋ አጠገብ ባለ አንድ መዋለ ሕፃናት በሞግዚትነት ነው። በኋላ በየክረምቱ ተምሬ አስተማሪ ሆንኩ። ደመወዜን ለማወቅ የሚጓጓ ካለ፣ ትንሽ ነበረች፤ እሷም አርፍዳ ነበር የምትመጣው።

ዳይሬክተራችን እትዬ ሮማን ይባሉ ነበር። ንጹሕ ሴት ናቸው፤ ጋዋናችን ላይ የጠመኔ አቧራ ካዩ ቀኑን ሙሉ ፊታቸው አይፈታም። በትምህርት ቤቱ የነበረው መጫወቻ ሦስት እግር ያለው አንድ የፕላስቲክ ፈረስ ሲሆን፣ አራተኛው እግር እንደተሰበረው ሌላውም እንዳይሰበር ቢሯቸው ውስጥ ተቆልፎበት ነበር። ልጆቹ ምንም ስላልነበራቸው አንድ ቀን የእኔን ጫማ አውልቀው በአንዱ እግር ተጣሉበት። አንዱ «መኪናዬ ነው» ይላል፣ ሌላዋ «ልጄ ናት፣ ላስተኛት ነው» ትላለች፤ አንዱ በኦሮምኛ፣ አንዷ በሶማልኛ፣ እኔ መሐላቸው በአንድ እግሬ እየዘለልኩ በአማርኛ እለምናለሁ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋሽ በድሩ በሩ ላይ ተቀምጠው ያዩናል።

በማግስቱ ጠዋት ክፍሉን ስከፍት ወለሉ መሐል አንድ መኪና ቆሞ ነበር። አካሉ የሰርዲን ጣሳ ነው፤ ጎማዎቹ ካለቀ ነጠላ ጫማ ሶል ተቆርጠው በሞረድ ክብ የተደረጉ ናቸው፤ አክሰሉ የብስክሌት ጎማ ሽቦ ነው። ሲገፉት ምንም ሳይንገዳገድ ቀጥ ብሎ ሄደ። ወደ በሩ ብቅ ብዬ አመሰገንኳቸው።

«እኔን ምን አመሰገንሽኝ?» አሉኝ። «እኔ የት ነበርኩ? ልጆቹ አግኝተውት ነው።»

ይህ ትልቁ ልማዳቸው እንደሆነ ኋላ ገባኝ። መጫወቻ ለልጅ በእጃቸው አይሰጡም። ሲነጋጋ ገብተው አንድ ቦታ ያስቀምጡትና ይወጣሉ። «ከሰጠሽው ያንቺ ነው፣ ይፈራልሻል። ካገኘው የራሱ ነው» ይሉ ነበር።

ጋሽ በድሩ ዘበኛ ከመሆናቸው በፊት ዕድሜያቸውን በባቡር ጋራዥ ውስጥ ቆርቆሮ ሲቆርጡና ሲያጥፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ዘብ ቤታቸው ደጃፍ ላይ የእንጨት ሳጥን ነበራቸው፤ የቆርቆሮ መቀስ፣ ጉጠት፣ ሞረድ፣ ወስፌና የሽቦ ጥቅል ይዟል። የመነጽራቸው አንደኛው ጆሮ ተሰብሮ በመዳብ ሽቦ የታሰረ ነው። ጠዋት ከመጋላ ሰፈር በእግራቸው ሲመጡ መንገድ ላይ የወደቀ ጣሳ ያነሳሉ፤ ከሰው ደጅ ከሆነ ግን ሳያስፈቅዱ አይነኩም። «የሰው ቆሻሻም የሰው ነው» ይሉኛል። ከየት እንዳመጡትም አይረሱም። አንድ ባቡር ሠርተው ሲያሳዩኝ የመጀመሪያው ፉርጎ የጎረቤታቸው የአሻ የወተት ጣሳ፣ ሁለተኛው የባለሱቁ ቲማቲም፣ የኋለኛው የእትዬ ሮማን የኮሌስትሮል መድኃኒት እንደነበር ዘርዝረውልኛል። የመጨረሻውን ለማንም እንዳልናገር አስምለውኛል፤ ይኸው መሐላዬን አፈረስኩ።

ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ቆርቆሮ ሲቆረጥ ጠርዙ በጉጠት ሁለት ጊዜ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ አንድ ጊዜ ብቻ የታጠፈ ጠርዝ ተመልሶ ይከፈታል። የሽቦ ጫፍ ምንጊዜም ወደ ውስጥ ዞሮ ይቀበራል። ያለቀ መጫወቻ ደግሞ ሦስት ፈተና አለው። መጀመሪያ ራሳቸው ላይ አስቀምጠው ሲሚንቶው ላይ ይለቁታል። ከዚያ ጠርዙን ከንፈራቸው ላይ እያሻሹ ዙሪያውን ይሄዱበታል። አንድ ቀን ጣቴን ላሻሽበት ስል እጄን ያዙኝ።

«በጣት አይሆንም፣ አቦ። ጣትሽ የሠራተኛ ጣት ነው፣ ደንዝዟል። ልጅ በምኑ ነው የሚያየው? በአፉ! አንቺም በአፍሽ እዪው።»

ሦስተኛው ፈተና ቆርቆሮ ላይ መዋል ነው። ጠዋት ዘብ ቤቷ ጣራ ላይ ይወረውሩታል፤ ለአስር ሶላት ውዱእ ሲያደርጉ ያወርዱታል። የድሬዳዋን ቆርቆሮ በቀትር የነካ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ቀለሙ የሚላቀቅ ከሆነ እዚያ ይላቀቃል፤ ፕላስተሩ ይላጣል፤ ሙጫው ይቀልጣል። እኔ በካርቶንና በሙጫ ያሳመርኳትን አንዲት ቤት አስር ሰዓት ላይ ሲያወርዷት ግድግዳዋ ለየብቻ መጣ። ጋሽ በድሩ አልሳቁም፤ ግን ዓይናቸው ሳቀ።

«አየሽ፣ ጽጌ፣ ሙጫ የደጋ ነገር ነው። ላባትሽ አገር ይሆናል። ለድሬ ግን ወይ ስፊው፣ ወይ እሰሪው፣ ወይ እጠፊው።»

ቅጭልጭልን ደግሞ ለብቻ ያስጠነቅቁኝ ነበር። ሌላው መጫወቻ ያለውን በግልጽ ያሳያል፤ ቅጭልጭል ግን ውስጡ ነገር ደብቋል፣ የልጅ ሥራ ደግሞ የተደበቀውን ማውጣት ነው። የእሳቸው አሠራር ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ ቂጥ ቆርጦ አንዱን በሌላው ውስጥ ማስገባት፣ ዙሪያውን በወስፌ በስቶ በሽቦ መጥለፍ፣ በላዩ ጨርቅ መስፋት ነው። ውስጡ የሚገባው ከደቻቱ አሸዋ የተለቀመ፣ አፍንጫም ጆሮም የማይገባ ድቡልቡል ጠጠር ነው። አንዱን ለመጨረስ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ሦስተኛው ቀን የቆርቆሮ ነው።

ይህን ሁሉ ስድስት ዓመት ካየሁ በኋላ ነው ያጠፋሁት። ባላውቅ ኖሮ እንዲህ ባልቆጨኝ።

ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። እትዬ ሮማን ልጆቹ ሁሉ ቅጭልጭል ይዘው እንዲዘምሩ ፈለጉ፤ ለሃያ ልጅ፣ በሁለት ቀን። ጋሽ በድሩ ዘመድ ሞቶባቸው ሐርላ ድረስ ለቅሶ ሄደዋል። «ጋሽ በድሩ ይምጡ፣ ጊዜ ይሰጠን» ማለት እችል ነበር። እኔ ግን «ይደርሳል» አልኩ። ከጎረቤት ሁሉ ትንንሽ ነጭ የሽሮፕ ጠርሙስ ሰበሰብኩ። ጠጠሩ በአንገታቸው አልገባ ሲለኝ ድፍን ምስር ጨመርኩባቸው፤ ድምፁም ከጠጠሩ ይልቅ ለጆሮ ደስ ይል ነበር። ክዳናቸውን በሙጫ አጣበቅሁ፣ በፕላስተር ጠመጠምኩ፣ ሪባን አሰርኩ። እትዬ ሮማን አይተው «እጅሽ ይባረክ» አሉኝ፤ በስድስት ዓመት የመጀመሪያዬ ነበር። ቆርቆሮ ላይ ለማዋል ቀን አልነበረኝም። እውነቱን ልናገርና፣ ቀን ቢኖረኝም የማውላቸው አይመስለኝም፤ ልቤ አብጦ ነበር።

እንግዶቹ እንደ እንግዳ ወጉ ዘገዩ። ልጆቹ ተሰልፈው ፀሐይ ላይ ቆዩ። አራት ሰዓት ሲያልፍ ሰልፉን ስቃኝ ሂንዲያ የምትባለው የአራት ዓመት ልጅ ቁጢጥ ብላለች። የቅጭልጭሏ ክዳን ወልቆ ምስሩ ሲሚንቶው ላይ ተበትኗል። በዚያው ቅጽበት የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ተንበርክኬ ምስሩን በእጄ ጠራርጌ ጋዋኔ ኪስ ውስጥ ከተትኩ፣ ባዶውን ጠርሙስ ቆሻሻ መጣያ ጣልኩ፣ ሂንዲያን አስነሥቼ በሰልፉ መሐል አቆምኩ። እጇን ግራ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ታየኝ ነበር። ፀሐይ ነው ብዬ አለፍኩ። ልጆቹ ዘመሩ፣ እንግዶቹ አጨበጨቡ፣ እኔም ተመሰገንኩ።

ከዚያ በኋላ ሂንዲያ ተለወጠች። እጠራታለሁ፣ አትመጣም። ቁጭ በሉ እላለሁ፣ ሁሉም ተቀምጦ እሷ ትቆማለች። ልቧ እዚህ የለም ብዬ ኋላ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት፤ ሁለት ቀን ደግሞ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙሬ አቁሜአታለሁ።

ያወቁት ጋሽ በድሩ ናቸው። ከለቅሶ ተመልሰው ከልጆቹ ጋር «ከየት መጣ?» የሚሉትን ጨዋታ ይጫወቱ ነበር፤ ልጆቹ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ እሳቸው ከኋላ ጣሳ ያንኳኳሉ፣ ልጆቹ ድምፁ ወደመጣበት ይጠቁማሉ። ሂንዲያ የትም ቢያንኳኩ ወደ ቀኝ ብቻ ጠቆመች። ጨዋታውን አቋርጠው ወደ እኔ መጡ።

«ይቺ ልጅ በግራዋ አትሰማም» አሉኝ።

ከእናቷ ከአሚና ጋር ሆስፒታል ወሰድናት። ሐኪሙ ከጆሮዋ ውስጥ ያበጠች፣ የጠቆረች አንዲት ምስር አወጣ። ጆሮዋ መግሎ ታምቡሩ ተበልቷል፤ የግራዋ መስማት ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። አሚና ያኔ ገና ወጣት ናት፤ ቀፊራ ገበያ አትክልት ትሸጣለች። ምስሯን ስታይ ራሷን በሁለት እጇ መታች።

«የኔ ጥፋት ነው! ምስር ስለቅም አጠገቤ ትጫወታለች፤ አላየሁም! ያ ረቢ፣ እኔ ምን ዓይነት እናት ነኝ?»

አጠገቧ ቆሜ ነበር። «አይደለም» ማለት አንድ ቃል ነው። አላልኩም። ትከሻዋን አቅፌ «አይዞሽ» አልኳት።

ስንመለስ ጋሽ በድሩ ሳጥናቸው ላይ ክዳን የሌለው የሽሮፕ ጠርሙስ አስቀምጠው ጠበቁኝ። ቆሻሻ መጣያውን ሳይበረብሩ የሚያስደፉ ሰው እንዳልሆኑ ረስቼ ነበር።

«ይሄ ቆርቆሮ ላይ ውሏል?»

«አልዋለም።»

«እናትየዋ ታውቃለች?»

«እነግራታለሁ፣ ጋሽ በድሩ።»

አልተቆጡኝም። ለእትዬ ሮማንም አልተናገሩም። ሳምንት ቆይተው «ነገርሻት?» አሉኝ። ወር ቆይተው እንደገና ጠየቁኝ። ከሦስተኛው በኋላ መጠየቅ ተዉ፤ እሱ ነው የባሰብኝ። ሂንዲያን ፊት ወንበር ላይ፣ ቀኝ ጆሮዋ ወደ እኔ እንዲሆን አድርጌ አስቀመጥኳት፤ በዓመቱ መጨረሻ ወደ አንደኛ ክፍል አለፈች። እኔም መልካ ጀብዱ ያዛውሩኝ ብዬ አመለከትኩ። ሰው ከገጠር ወደ ከተማ ይለምናል፣ ይቺ አብዳለች ተባለ። ስሰናበታቸው ጋሽ በድሩ ወስፌያቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። ምንጊዜም ዕቃ በእጃቸው የማይሰጡት ሰውዬ፣ እጄን ይዘው መዳፌ ላይ አስቀመጡት።

«ወስፌውን ይዘሽ ሂጂ። ያንን ነገር ግን እዚህ ጥለሽው የምትሄጂ እንዳይመስልሽ» አሉኝ።

መልካ ጀብዱ ደግ ዓመታት ሰጠችኝ። የከባድ መኪና ሾፌሮች ያለቀ የጎማ ላስቲክ ይጥሉልኛል፤ ከእሱ ዥዋዥዌም ኳስም እሠራለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ከካልሲ አንበሳ ሰፍቼ ሄድኩ፤ ልጆቹ ዞረው አላዩትም። ግመል ነው የሚፈልጉት። ካልሲውን ፈትቼ ላስቲክ ጠቀጠቅኩበት፣ ሻኛ ሰፋሁለት፣ አንበርክኬ አስቀመጥኩት። ከጀልዴሳ የመጣች አንዲት ልጅ አይታ በጣም አዘነችልኝ። «ቲቸር፣ ግመል እግሩን እንዲህ አያጥፍም፤ መጀመሪያ የፊት እግሩን ነው» ብላ መሬት ላይ ተንበርክካ አሳየችኝ። ፈትቼ ሰፋሁት። ዛሬ ማዳበሪያዬ ውስጥ ያሉት ግመሎች ሁሉ እሷ እንዳስተማረችኝ ነው የሚተኙት።

ጋሽ በድሩ ያረፉት እዚያ ሳለሁ ነው። ለቅሶ ስደርስ ልጃቸው የእንጨት ሳጥኑን አወጣችልኝ፤ «‹ለጽጌ ስጧት› ብሎ ነው የሞተው» አለችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያለቀስኩ አይመስለኝም። ያለቀስኩት ስላጣኋቸው ብቻ አልነበረም፤ ሳልነግራት እንደቀረሁ እያወቁ በመሞታቸው ነው።

የመጨረሻዎቹን ዓመታት ወደ ከተማ ተመልሼ ሳቢያን ሰፈር ባለ መዋለ ሕፃናት ነበርኩ። ዳይሬክተሩ ወጣት ሰው ነው፤ ከውጭ የመጡ የሚያማምሩ መጫወቻዎች እንዳይበላሹ ከነላስቲካቸው መደርደሪያ ላይ ደርድሯቸው ነበር። የእትዬ ሮማን ፈረስ ትዝ አለኝና ሳቄን አፈንኩ። አልተከራከርኩትም። በየጠዋቱ አንድ አንድ የጣሳ መኪና ወለሉ ላይ አስቀምጬ መውጣት ጀመርኩ። አንድ ቀን ስመለስ ዳይሬክተሩ በሱፉ ወለሉ ላይ ተቀምጦ፣ ተሳቢ ያለው መኪና እየገፋ «ይሄ እንዴት ነው የሚዞረው?» ሲል አገኘሁት። በዚያው ላስቲኩን ሁሉ ቀዳደደው፤ የገጠር አስተማሪዎችንም እየጠራ እንዳሠለጥናቸው አደረገኝ። አለቃ ማማረር ለጡረተኛ ደስ ይላል፤ እኔ ግን ቀንቶኛል፣ ምንም የምለው የለኝም።

ባለፈው ዓመት መጀመሪያ ላይ አንዲት ወጣት እናት ኢማን የምትባል ልጇን ልታስመዘግብ መጣች። ሳናግራት አንገቷን ትንሽ ወደ ግራ መለስ አድርጋ ቀኝ ጆሮዋን አቀበለችኝ።

«ቲቸር ጽጌ! አላወቅሽኝም? ሂንዲያ ነኝ እኮ!» ብላ አቀፈችኝ። «ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የምሠራው፣ ስፌት። የሰርዲን መኪናችንን እስካሁን አልረሳሁትም፣ ወላሂ።»

ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ አስፈቅዳ ያመጣችውን ቅዳጅ ጨርቅ በላስቲክ ታስረክበኛለች፤ ዓመቱን ሙሉ «እግዜር ይስጥልኝ» ከሚለው ቃል ኋላ ተደበቅሁ። ትምህርት ሊዘጋ ሲል አንድ ቀን በምሳ ሰዓት አንዱ ልጅ የምስር ሳምቡሳውን ለኢማን ቆርሶ ሰጣት። ኢማን እጇን ወደ ኋላ ሸሸገች።

«ምስር ጆሮ ይበላል» አለች።

«ማነው ያለሽ?»

«አያቴ።»

ማታ ሂንዲያ ልትወስዳት ስትመጣ ነገርኳት፤ ሳቀች። «እማዬ እኮ ምስር ቤታችን አስገብታ አታውቅም፣ ከዚያ ወዲህ። ረመዳን ሳምቡሳችን በድንች ነው። አባቴም እስኪሞት ድረስ ሲናደድ ‹ምስርሽ› ይላት ነበር፤ እሷም ዝም ትላለች።» ከዚያ ሆዷን ዳበስ አድርጋ «ለዚህኛው ደግሞ ቅጭልጭል ትሠሪልኛለሽ» አለችኝ።

ለእኔ አንድ ቀን የነበረ ጥፋት ለአሚና የየዕለቱ እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ።

ማዳበሪያዬን ይዤ ቤቴ በገባሁ በማግስቱ የጋሽ በድሩን ሳጥን ከፈትኩ። ሁለት የጠርሙስ ቂጥ ቆረጥኩ። በወስፌያቸው ዙሪያውን በሳሁ፣ በሽቦ ጠለፍኩ፣ ጫፉን ወደ ውስጥ ቀበርኩ። ደቻቱ ወርጄ ጠጠር ለቀምኩ። ሂንዲያ ባመጣችው ቅዳጅ ሸፍኜ ሰፋሁት። ራሴ ላይ አስቀምጬ ጣልኩት፣ ከንፈሬ ላይ አሻሸሁት፤ በሦስተኛው ቀን ቆርቆሮዬ ላይ አዋልኩት። ለአስር ሶላት አዛን ሲል አወረድኩት፤ እንደ እሳት ይፋጅ ነበር፤ አንድም ስፌት አልላላም።

በማግስቱ ጠዋት መጋላ ወደ አሚና ቤት ሄድኩ። አሚና ሽበት አብቅላለች፤ ምንጣፍ አንጥፋ «ቲቸር መጣችልን!» ብላ ተቀበለችኝ። ሂንዲያ የዕረፍት ቀኗ ነበር። ኢማን ቅጭልጭሉን ከእጄ ላይ ሞጨለፈችው። ሻይ ሳይቀርብልኝ ልናገር ብዬ ተናገርኩ፤ ሙጫውን፣ ፀሐዩን፣ የተበተነውን ምስር፣ ኪሴን፣ ግድግዳውን። ሂንዲያ አንድም ቃል እንዳያመልጣት ቀኝ ጆሮዋን ወደ እኔ አድርጋ ሰማች።

ስጨርስ ቅጭልጭሉ ብቻ ጓዳ ውስጥ ይንኳኳል።

«ጠርሙሱ ምን ዓይነት ነበር?» አለች አሚና።

«ነጭ። የሽሮፕ።»

«የኔ ምስር አልነበረም?»

«አልነበረም። የኔ ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። እንባዋ ይወርዳል፣ ድምጿ ግን አልተንቀጠቀጠም። «ሃያ አምስት ዓመት! ቲቸር፣ አንቺ እኮ አቅፈሽኛል። ‹አይዞሽ› ብለሽኛል።»

«ብዬሻለሁ።»

«የሂንዲያ አባት ይሄንን ሳይሰማ ሞተ።»

ሂንዲያን አየኋት፤ ዓይኗን ከእናቷ ላይ አልነቀለችም። ከእንግዲህ የምሰጣቸው ነገር ስላልነበረ ነጠላዬን ሰብስቤ ተነሣሁ። በሩ ጋ ስደርስ አሚና በቀሚሷ ጫፍ ፊቷን ጠራረገች።

«ሂንዲያ፣ ሱቅ ሂጂ። ምስር ግዢ» አለች።

«ስንት?»

«ኪሎ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ደሞ የት ነው? ተቀመጪ። ማን ሊለቅመው ነው?»

ሰፌዱን ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ሂንዲያ ያመጣችውን ምስር ገለበጠችበትና እሷም ከወዲያ ማዶ ተቀመጠች፤ ሁለታችን ጎንበስ ብለን ለቀምን። አንድ ጊዜ ቀና ብላ «እሱ ዘበኛው ደግ ሰውዬ ነበር» አለች፤ «ደግ ነበሩ» አልኳት።

ምሳ ሲቀርብ ኢማን ቅጭልጭሏን እንደያዘች ከአያቷ አጠገብ ተቀመጠች። ወጡን አየችው፤ አያቷን አየቻት።

«ጆሮዬን አይበላም?»

አሚና ከወጡ ጎርሳ ዋጠች።

«አይበላም። ብዪ» አለቻት።